ገብስማ ከተሰፋች በኋላ

በአንድ የኢንተርኔት የውይይት ገጽ ላይ ስለ ተሰፋች ዶሮዋ ጥያቄ ያቀረበችው የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ግቢዋ ውስጥ ጥቂት የሐበሻ ዶሮዎች አሏት። አንዷ ገብስማ ናት፤ ስሟም እንደ ላባዋ ገብስማ ነው። ለፋሲካ የተጎዘጎዘው ቄጤማ ሲደርቅ ጓሮ ተጣለ። ገብስማ እሱን ስትለቅም ሰነበተች። ከማዳበሪያ ጆንያ የተተረተረ ክርም አብራ ውጣለች። ከዚያ ጥሬ ሲበተን ዝም ብላ መቆም ጀመረች። ምግቧ መጀመሪያ የሚጠራቀምበት ከረጢት፣ ከደረቷ ከፍ ብሎ በስተቀኝ ያለው፣ ተወጠረ። ጠዋት ምንም ሳትበላ ሲዳሰስም ሙሉ ነው። ጤነኛ ዶሮ ብትሆን በዚያ ሰዓት ባዶ ይሆን ነበር።

ሐኪም ከፍቶ የተጠቀለለውን ሳርና ክር አወጣላት። ከረጢቱን ለብቻ፣ ቆዳውን ለብቻ ሰፋ። የሕመም ማስታገሻና አንቲባዮቲክ ሰጥቶ ወደ ቤት ሸኛት። ጥያቄው የተለጠፈው በአራተኛው ቀን ነው፤ ፎቶም አለው። ስፌቱ ራሱ ደረቅ ነው። ግን ላባው የተነቀለበት ቆዳ፣ ከስፌቱ ግራና ቀኝ፣ አረንጓዴ ሆኗል። ልጅቷን ያስደነገጣት ይሄ ነው። ቁስሉን በምን እንደምታጥበው፣ ዶሮዋ ምን እንደምትበላ፣ ከሌሎቹ ጋር መቼ እንደምትቀላቀልም ትጠይቃለች።

ውይይቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንብቤዋለሁ። ዶሮ ያለው ሰው ሁሉ ቢያውቀው የሚጠቅም ነገር ስላለበት በየተራ ቁጥሩ እተርከዋለሁ።

መልስ 1 የሐዋሳ እናት ናቸው። በምርቃት ነው የጀመሩት። ምክራቸው ቀላል ነው። ግማሽ ሊትር ውሃ አፍልታ፣ አቀዝቅዛ፣ ያልሞላ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምራ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠብ ጠብ እያደረገች እንድታጸዳ ነው። መፈተግ የለም። ሲደርቅ ደግሞ ስስ አድርጋ ማር እንድትቀባ። የጨው ውሃው ልክ ነው። የማሩን ነገር ወደ ኋላ ላይ ሌላ ሰው ያነሳዋል።

መልስ 2 ላይ ድምፁ ተቀየረ። ጸሐፊው አረንጓዴውን ቀለም አይቶ ቆዳው በስብሷል ብሎ ደመደመ። ወይ ዛሬውኑ ተመልሳ ትከፈት፣ ወይ ትገላገል ባይ ነው። ምክንያት አልሰጠም።

መልስ 3 እሱን ደግፎ የአጎቱን ዶሮ ታሪክ አመጣ። ውሻ ነክሷት፣ ታፋዋ አረንጓዴ ሆኖ፣ በሦስተኛው ቀን ሞታለች። ጠያቂዋ ከመድኃኒት ቤት የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ገዝታ፣ ፈታ፣ ዱቄቱን ስፌቱ ላይ እንድትነሰንስ ይመክራል። ይሄን ምክር ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ልጅ ሆነን ጉልበታችን ሲላጥ ብዙዎቻችን ላይ ተነስንሷል።

መልስ 4 ወጥ ይወዳል። ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ የሚለውን ተረት ጠቅሶ፣ ገብስማ ጓሮ ስትጭር የራሷን ካራ አውጥታለች አለ። ለሐኪም የወጣው ብር ሌላ ዶሮ ይገዛ ነበር፣ ይቺኛዋም ድስት ትገባ ነበር ብሎ አሰላ። ከሥሩ የሳቁለት ብዙ ናቸው። እኔ አልሳቅኩም።

መልስ 5 የጠያቂዋ ነው። ቃል አልመለሰችለትም። ገብስማ የአባቷ ዶሮ መሆኗን ብቻ ተናገረች። አባቷ ዓይናቸው ደክሟል። ጠዋት ደጃፍ ያለው አግዳሚ ላይ ሲቀመጡ ገብስማ ትመጣለች። መዳፋቸው ላይ ስንዴ ይይዙላታል። አንድ በአንድ ትለቅማለች። ስትጨርስ አውራ ጣታቸውን ቆንጠር አድርጋ ትሄዳለች። ሌሎቹ ዶሮዎች ከሰው እጅ አይበሉም። ጠያቂዋ ይህን ካለች በኋላ ወደ ጉዳይዋ ተመለሰች። ክንፏ ሥር ስትዳስሳት በጣም ትኩስ ናት። ትኩሳት ከሆነ ለአባቷ የተገዛ ዳይክሎፌናክ የሚባል የሰው ማስታገሻ ቤት ውስጥ አለ።

ጥሩነቱ መልስ 6 ወዲያው መጣ። ጸሐፊው የእንስሳት ሐኪም ናቸው። የተማሩት ቢሾፍቱ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ነው። ከውይይቱ ሁሉ ረጅሙ መልስ የእሳቸው ነው፤ መርዘምም ነበረበት።

ዶክተሩ ሰላምታ እንኳ ያቀረቡት ከዳይክሎፌናኩ በኋላ ነው። ቅንጣት እንዳትሰጪያት አሉ። ይህ መድኃኒት የወፎችን ኩላሊት ይጎዳል። ሕንድና ፓኪስታን ውስጥ ጥንብ አንሳዎች ያለቁት በዚህ መድኃኒት የታከሙ ከብቶችን ሬሳ እየበሉ ነው። ምክንያቱ በጥናት የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ በ2006 ሕንድ መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ ከለከለች። በምትኩ የተመረጠው ሜሎክሲካም ነው። ለገብስማም የታዘዘላት እሱ ስለሆነ፣ በታዘዘው ልክ ይበቃታል። የሰው ማስታገሻ ሁሉ ለዶሮ ይሆናል ብሎ ማሰብ አያስፈልግም።

ትኩሳቱንም አስረዱ። የጤነኛ ዶሮ ሙቀት 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። የሰው 37 ነው። ስለዚህ ክንፏ ሥር እጅ ያስገባ ሰው ሁልጊዜ ትኩስ ሆና ያገኛታል። በእጅ ዳሰሳ ትኩሳት አላት ማለት አይቻልም።

ከዚያ ወደ አረንጓዴው ገቡ። የሰው ሰውነት ሲበልዝ መጀመሪያ ይቀላል፣ ይጠቁራል፣ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፣ በመጨረሻ ቢጫ ሆኖ ይጠፋል። ከፈሰሰው ደም የሚመጣ ቢሊቨርዲን የሚባል አረንጓዴ ቀለም አለ። የእኛ ሰውነት እሱን ቢሊሩቢን ወደሚባለው ቢጫ ቀለም ይቀይረዋል። ዶሮ ግን ይህን የሚቀይርላት ኢንዛይም የላትም። ስለዚህ የበለዘ ቆዳዋ በሁለትና በሦስት ቀን አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴ እንደሆነ እየደበዘዘ ይጠፋል። ቆዳዋ ተቆርጦ፣ ተይዞ፣ ተጎትቶ ከተሰፋ በአራተኛው ቀን አረንጓዴ መሆኑ የሚጠበቅ ነገር ነው። ሐኪሞች እንደውም የቀለሙን ደረጃ አይተው ጉዳቱ መቼ እንደደረሰ ይገምታሉ።

ስንት ዶሮ በዚህ ቀለም የተነሳ ታርዳለች ብዬ አሰብኩ። ባለቤቷ አረንጓዴ ታያለች፣ ጎረቤት በስብሷል ይላል፣ ቢላ ይመጣል።

ዶክተሩ በዚህ አላበቁም። የእውነት የበሰበሰ ቆዳ ይጠቁራል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይሸታል ብለው ለዩት። ስለ መግልም አንድ ነገር ጨመሩ። የዶሮ መግል እንደ ሰው አይፈስም፤ እንደ ደረቀ አይብ ይጠጥራል። ስለዚህ ምንም አልፈሰሰም ብሎ መረጋጋት አይገባም። ስፌቱ ሥር ጠጠር ያለ እብጠት ከተዳሰሰ ሐኪም ይየው። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን የጠጣችው ውሃ ወይም የበላችው ምግብ በስፌቱ በኩል ሲያንጠባጥብ ነው። ያ ማለት የውስጡ ስፌት ለቋል። በዚያው ቀን ይዞ መሮጥ ነው።

መልስ 7 ላይ ሁለተኛው ሰው ተመልሶ መጣ። ተቆጥቷል። በፎቶ ብቻ በለዝ ነው ብሎ መፍረድ ይቻላል ወይ ብሎ ዶክተሩን ሞገተ። ቁጣውን ትተን ጥያቄው ተገቢ ነው። ዶክተሩም በመልስ 8 ይህን አልካዱም። ጠያቂዋ አፍንጫዋን አስጠግታ እንድታሸት፣ በጣቷ ጀርባ አረንጓዴውን ቦታና ሌላውን ቆዳ ነካ ነካ አድርጋ ሙቀቱን እንድታወዳድር ጠየቋት። በመልስ 9 ውጤቱን አመጣች። ሽታ የለም። ሙቀቱ አንድ ነው። ቆዳው ለስላሳ ነው። ሁለተኛው ሰው ከዚህ በኋላ ስለ ቀለሙ አላነሳም።

መልስ 10 ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ ነው። ጓሮዋ ውስጥ ዶሮ የምታረባ ኢትዮጵያዊት ናት። ገብስማን ለብቻዋ አድርጊያት፣ ግን ጓደኞቿ እንዲታዩዋት አድርጊ ትላለች። ዶሮ ቀይ ነገር ካየች ትቆነጥራለች። ደም ከቀመሰች አትመለስም። የምትወዳት ጓደኛዋም ብትሆን ስፌቱን ትተረትረዋለች። በሌላ በኩል ሙሉ በሙሉ ከተለየች ስትመለስ እንደ እንግዳ ትደበደባለች። ስለዚህ በሽቦ የተከፈለ ቦታ ጥሩ ነው፤ ማየት አለ፣ መንካት የለም። ወለሉ ላይ ጭድም ሰጋቱራም አይነጠፍ፤ ጭዱን ትበላዋለች፣ ተመልሰን ቄጤማው ጋ ነን። ጋዜጣ ወይም አሮጌ አንሶላ ይበቃል። አፈርና አመድም ይወገድ። ዶሮ አፈር ካየች ትንከባለልበታለች፣ ስፌቱ ውስጥ ይገባል። እስከዚህ ድረስ ምክሯ ሁሉ ወርቅ ነው። መጨረሻ ላይ ግን ቁስሉ እንዳይነካ ደረቷን በፋሻ ጠበቅ አድርጎ መጠቅለል ጥሩ ነው አለች።

መልስ 11 ይህን ለማረም ብቻ የገባ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነው። በትህትና፣ እህቴ እያለ ነው ያረማት። ዶሮ እንደ እኛ ሳንባን የሚስብና የሚገፋ ድያፍራም የላትም። የምትተነፍሰው የደረቷን አጥንት ወደ ታችና ወደ ላይ በማንቀሳቀስ ነው። ደረቷ ጥብቅ ተደርጎ ከተጠቀለለ አየር ያጥራታል። በእጅ ሲይዟትም ደረቷን ማፈን አይገባም። መሸፈን ካስፈለገ የሕፃን ካልሲ አፉና ጫፉ ተቆርጦ እንደ ሹራብ ሊገባላት ይችላል፤ ሁለት ጣት በደንብ የሚያስገባ ልቅ መሆን አለበት። ደረቅና የተዘጋ ስፌት ግን ክፍቱን ቢሆን ይሻላል። የሜሪላንዷ አመሰገነችው። ክርክር እንዲህ ቢያልቅ ምን አለበት?

አላለቀም። መልስ 12 ላይ ሦስተኛው ሰው ስለ ካፕሱሉ ማንም ስላልመለሰለት ተናዶ መጣ። ሐኪሞች ቀላሉን መድኃኒት የሚያናንቁት ገንዘብ ለመቁረጥ ነው አለ። አያቶቻችን በቡና ዱቄትና በቅቤ ቁስል ያድኑ እንደነበርም አስታወሰ። ዶክተሩ በመልስ 13 ጠንከር ብለው መለሱ። ዱቄት ስፌት ላይ ሲነሰነስ ከሚወጣው ርጥበት ጋር ተላቁጦ ቅርፊት ይሠራል። ላዩ ደረቅ፣ ሥሩ ርጥብ ይሆናል። ጀርም የሚወደው ይህንን ነው። ዶሮዋ ደግሞ ዱቄቱን ትለቅመዋለች። ምን ያህል እንደዋጠች አይታወቅም። በአፍ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ታዞላት ሳለ ይህን መደረብ ጥቅም የለውም። ቅቤና ቡናም እንዲሁ ናቸው፤ ቅቤው ላባውን አጣብቆ ዝንብ ይጠራል። ጀርም መግደያ ካስፈለገ 10 በመቶ የሆነው የፖቪዶን አዮዲን ፈሳሽ፣ መድኃኒት ቤት ቤታዲን የሚባለው፣ አንድ እጁ በዐሥር እጅ ውሃ ቀጥኖ በጥጥ ይነካል። ኦክሲጅን ውሃ ግን በየቀኑ አይፈስም። አረፋው ያጸዳ ይመስላል እንጂ አዲስ የሚበቅለውንም ሥጋ ያቃጥላል።

መልስ 14 ስድብ ነበር። መልስ 15 የአስተባባሪው ማስጠንቀቂያ ነው፤ 14ቱም ከዚያ በኋላ ተነሥቷል። ሐኪምን ሌባ ማለት ገብስማን አያድናትም፤ መነሣቱ ደግ ነው።

መልስ 16 ወደ ማሩ ተመለሰ። ጸሐፊው ንብ አናቢ ነው፣ ከባሕር ዳር አካባቢ። ማር ለክፍት ቁስል ጥሩ መሆኑን አምኖ፣ ለተዘጋ ስፌት ግን አያስፈልግም አለ። ይጣበቃል፣ ጉንዳን ይጎትታል፣ ዶሮዋም ራሷ ማሩን ለቅማ ለመጨረስ ስፌቱን ትነካካዋለች። ከዚያ የዝንብን ጉዳይ አነሳ፤ እስከዚህ ድረስ ማንም ያላሰበውን። ዝናብ ሲጀምር ዝንብ ይበዛል። ዝንብ ቁስል ላይ ከጣለች እንቁላሉ በአንድ ቀን ውስጥ ትል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጠዋትና ማታ በደንብ ብርሃን ላይ ይታይ። ቂጧ አካባቢ ያለው ላባ በኩስ ከተለወሰ ይታጠብ፣ ይድረቅ። ዝንብ ቁስል ብቻ አትፈልግም፤ ቆሻሻ ላባም ይበቃታል። የሐዋሳዋ እናት በመልስ 17 ማሩን አንሺው ልጄ ብለው ጽፈዋል። ደስ የሚሉ ሰው ናቸው።

የምግቡ ነገር የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ለእኔ ከቀለሙ ቀጥሎ ትልቁ ቁም ነገር ይሄ ነው። ሰው ሁሉ ዓይኑ ቆዳው ላይ ነው። ማንም በማያየው ቦታ፣ ከቆዳው ሥር፣ ግን ሌላ ስፌት አለ። ምግብ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

መልስ 18 የተማሪው ነው። ከረጢቱ መወጠር የለበትም። ስለዚህ በአንዴ ብዙ አይሰጥም፤ ትንሽ ትንሽ፣ ደጋግሞ ነው። ገብስ፣ ስንዴ፣ በቆሎ ለጊዜው ይቅር። የተቀቀለ እንቁላል በሹካ የላመ፣ የተፈጨ የዶሮ መኖ በለብ ያለ ውሃ ርሶ ቀጠን ያለ፣ ይሄ ይበቃታል። ጎመንና ሣር ጨርሶ አይታሰብም። ጠጠርም ይቆይ። ጥርስ ስለሌላት ጥሬ ስትጀምር ጠጠር ያስፈልጋታል፣ አሁን ግን ስለታሙ ነገር ስፌቱን ይጎዳል። ውሃዋ ዝቅ ባለ ዕቃ ይሁን፣ ደረቷ እንዳይነከር። በየቀኑ ጠዋት ምግብ ሳትቀምስ ከረጢቱ በቀስታ ይዳሰስ። ባዶ ከሆነ መንገዱ ክፍት ነው። ሞልቶ ካደረ ችግር አለ።

ሚዛንም ጠቀሰ። የኩሽና ሚዛን ላይ ካርቶን አድርጎ በየጠዋቱ መመዘን። የሐበሻ ዶሮ ከአንድ ኪሎ ተኩል ብዙም አትርቅም። ከዚያ ላይ መቶ ሃምሳ ግራም ከቀነሰች ከክብደቷ ዐሥር በመቶ ሄዷል ማለት ነው፤ ላባው ስለሚሸፍነው ግን ዓይን አያየውም። ኩሷም ይታይ። ውሃማና ደማቅ አረንጓዴ ሆኖ ምግብ የሌለበት ከሆነ አልበላችም ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ አንባቢ የቆዳውን አረንጓዴና የኩሱን አረንጓዴ ቀላቅሎ ጠየቀ። መለያየታቸው ተነገረው፤ የኩሱ ቀለም ከሐሞት ነው።

መልስ 20 እንጀራ ፍርፋሪ በውሃ አርሶ መስጠትን አነሳ። ዶሮዎቹ ሁሉ የሚያድጉት በእሱ ነው ይላል። ሁለት ሰዎች ደገፉት፣ አንዲት ሴት ደግሞ ዳቦም ጨመረችበት። ዶክተሩ ለጤነኛ ዶሮ ትንሽ እንጀራ ችግር እንደሌለው፣ አዲስ የተሰፋ ከረጢት ውስጥ ግን ሊጥ የሚሆን ነገር ባይገባ እንደሚመረጥ ተናገሩ። ሰውየው እስከ መጨረሻው አላመነም።

መልስ 22 የሁላችንንም ጥያቄ ጠየቀ፤ እንቁላሏስ? ገብስማ በስድስተኛው ቀን እንቁላል ጥላ ነበርና ጠያቂዋ ለአባቷ ልትቀቅለው አስባ ነበር። ዶክተሩ አይሆንም አሉ። አንቲባዮቲኩም ማስታገሻውም ወደ እንቁላሉ ያልፋል። ስንት ቀን እንደሚጠበቅ እንደ መድኃኒቱ ስለሚለያይ ያዘዘውን ሐኪም መጠየቅ ይገባል፤ እስከዚያ እንቁላሉ ይጣል። መልሶ ለዶሮዎቹ መስጠትም አይሆንም። የሜሪላንዷ በመልስ 23 የራሷን ጨመረች። እዚያ አገር ዶሮ የቤት ልጅ ሆና ብትኖርም በሕግ ፊት የምትበላ እንስሳ ናት። ኢንሮፍሎክሳሲን የተባለው አንቲባዮቲክ እ.ኤ.አ. በ2005 ለዶሮ እንዳይሰጥ ስለታገደ፣ ሐኪሟን ብትለምነው ሌላ መድኃኒት ነው ያዘዘላት። ምክንያቱም መድኃኒቱን የለመዱ ጀርሞች ከዶሮ ወደ ሰው ስለሚሻገሩ ነው። እኛ አገር ይሄው መድኃኒት በየሱቁ እንደሚገኝ አንድ ሰው ጽፎ ክርክሩ ወደዚያ ሊሄድ ነበር፤ አልሄደም።

ይልቅ ወደ በዓል ዶሮ ዋጋ ሄደ። ከመልስ 24 እስከ 27 የገብስማ ስም አንዴም አልተነሣም። አራተኛው ሰውም ተመልሶ የገበያ ወሬ አመጣ። በመሃል ግን አንድ ጠቃሚ ነገር ወጣ። አንዱ ባለፈው ዓመት ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ገብቶ ግቢውን ባዶ እንዳደረገበት አወራ። ሌላው ፈንግል መድኃኒት እንደሌለው፣ ክትባቱ ግን ቢሾፍቱ እንደሚመረት፣ በዓይን ጠብታ የሚሰጠውና ሙቀት የሚችለው አይነት በየሦስትና አራት ወሩ መደገም እንዳለበት ነገረው። ጠያቂዋ ገብስማን አሁኑኑ ላስከትባት ወይ አለች። ዶክተሩ ትቆይ አሉ። ክትባት ለጤነኛ ዶሮ ነው፤ መጀመሪያ ትዳን።

መልስ 29 አንጀት ይበላል። አንዲት ሴት ጭኗ የተሰበረ ዶሮ ይዛ አንድ ክሊኒክ ስትሄድ ከበር ነው የመለሷት። ውሻና ድመት እናያለን፣ ዶሮማ ገበያ አለላት ተብላለች። ተራ የሚጠብቁት ሰዎችም ሲሳሳቁ ሰምታለች። ከመልሷ ሥር ብዙ ሰው አጽናናት። ዶሮ ርካሽ መሆኗ ሕመሟን አይቀንሰውም። ያቺ ሴት ዶሮዋን ይዛ ተመልሳ ስትሄድ የሳቀውን ሰው አሁን ባገኘው ምን እንደምለው አውቃለሁ።

መልስ 31 ስለ ስፌቱ ክር ነው። ገብስማ ላባዋን ስታበጥር የስፌቱን ጫፍ በመንቁሯ እየሳበች ነው። ጠያቂዋ ብቆርጠውስ ብላለች። ሁሉም በአንድ ድምፅ አትንኪው አሏት። ሟሚ ክር ከሆነ ራሱ ይጠፋል። ካልሆነ ከዐሥር እስከ ዐሥራ አራት ቀን ባለው ጊዜ ሐኪሙ ያወጣዋል። የትኛው እንደሆነ ደውላ ትጠይቅ። እስከዚያ የሚያስረሳት ነገር ይደረግላት፤ አንጠልጥሎ የሚቆነጠር ነገር ግን ክር እንዳይኖረው። የካልሲው ሹራብ እዚህ ላይ ሥራ አገኘ። በፎቶ እንዳየሁት አንገቷ ጋ ሰማያዊ ጥለት ያለው የሕፃን ካልሲ ነው፤ ክንፎቿ በሁለት ቀዳዳ ወጥተዋል፣ ደረቷ ጋ ሰፊ ነው። ተማሪው በሁለት ጣት መለካት እንዳትረሳ ደግሞ አሳሰባት።

መልስ 34 የጠያቂዋ ነው። አረንጓዴው ጠፍቷል። ቆዳው ሮዝ ሆኖ ጥቃቅን ላባ ሊያወጣ ነጠብጣብ አሳይቷል። ክሩ ወጥቷል፤ ሟሚ አልነበረም። ክብደቷ መጀመሪያ ቀንሶ አሁን ተመልሷል። ጠዋት ጠዋት ከረጢቱ ባዶ ነው። አባቷ በሽቦው ቀዳዳ የላመ እንቁላል በጣታቸው ጫፍ ይሰጧታል። አሁን የቀረው ከሌሎቹ ጋር መቀላቀሉ ነው።

የሜሪላንዷ ሥርዓቱን ነገረቻት። ሽቦው ይነሳ፣ ግን ቀን ለቀን አይደለም። ማታ ሁሉም ቆጥ ላይ ሲወጡ በጨለማ ከመሃላቸው ማስቀመጥ ነው። ዶሮ በጨለማ ደህና አድርጋ ስለማታይ አይጣሉም። ሲነጋ በሁለት ቦታ ጥሬና ውሃ ማስቀመጥ፣ ከአንዱ ብትባረር ወደ ሌላው እንድትሄድ። ትንሽ መቆናጠጥ አይቀርም፤ የማዕረግ ጉዳይ ነው። ደም ከታየ ግን ወዲያው መለየት። ተማሪው ቆጡ ዝቅ ያለ ይሁን አለ፤ ከከፍታ ስትዘል ደረቷ እንዳይመታ። ጥሬውም በጥቂቱ ይጀመር፣ ጠጠሩም አብሮ ይመለስ።

ስለ ቄጤማውም የሐዋሳዋ እናት የመጨረሻውን ምክር ሰጡ። በዓል ሲያልፍ ጓሮ አይጣል። ወይ ይቃጠል፣ ወይ በአጭር በአጭሩ ተከትክቶ አፈር ይልበስ። የጆንያ ክርም ከግቢ ይለቀም። ዶሮ ረጅም ነገር ስታገኝ እየዋጠች ትቀጥላለች እንጂ አትቆርጠውም።

መልስ 39 ከአዳማ የገባ አዲስ ሰው ነው። የእሱ አውራ ዶሮ መርገጫው ሥር አብጦ መሃሉ ላይ ጥቁር ቅርፊት ይዟል፤ ምላጭ አዘጋጅቷል፣ ቆርጦ እንዲያወጣው ይፈቀድለት እንደሆነ ነው የሚጠይቀው። ዶክተሩ ምላጩን እንዲያስቀምጥ፣ እግሩን በለብታ የጨው ውሃ እንዲዘፈዝፍለት፣ ወለሉን እንዲያለሰልስና ቆጡን ዝቅ እንዲያደርግለት ነገሩት። ከዚያ ጥርት ያለ ፎቶ አንስቶ ለብቻው ሌላ ጥያቄ እንዲከፍት አሉት።